የመርከቡ ቀብድና የወረርሽኙ ዕዳ

ቀብድ ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ይኖረናል ብለን አናስብም። በሬ የሚገዛው ገበሬ፣ ቤት የሚከራየው ደመወዝተኛ፣ ለልጁ ሠርግ ድንኳን የሚያሲዘው ወላጅ ሁሉ ቀብድ ይከፍላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1885 እንደደነገገው፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የድንጋጌው ሚዛን ግልጽ ነው። ቃል መስጠት ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ ቃል ማጠፍም ሁለቱንም ወገን ዋጋ ያስከፍላል።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ዓለምን ባናወጠበት ወቅት ታላላቅ የመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች ከተሳፋሪዎቻቸው ጋር ይዋዋሉበት የነበረው ሰነድ ሲመረመር፣ ከዚህ ሚዛን አንደኛው ወገን ጎድሎ ይገኛል። የከፋዩ ቅጣት በዝርዝር ተጽፎአል፤ የተቀባዩ ቅጣት ግን የለም። ጉድለቱ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን ለነጋዴና ለደንበኛው በተውነው ነበር። ነገር ግን የስረዛ ደንቡ፣ ማለትም ጉዞው ሲቀር ገንዘቡ የማን እንደሚሆን የሚወስነው አንቀጽ፣ በወረርሽኝ ጊዜ ማን ቤቱ እንደሚቀርና ማን በሽታ ወዳለበት ቦታ እንደሚሄድ የሚወስን ኃይል ሆኖ መገኘቱ በገሃድ ታይቶአል። የምንከራከረውም በዚሁ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናትና ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።)

በመጀመሪያ ስለ ውሉ። የመዝናኛ መርከብ ማለት በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ሆቴል ነው። ሦስትና አራት ሺሕ ሰው ይጭናል፤ ከሚያሚ፣ ከሲድኒ ወይም ከዮኮሐማ ተነሥቶ ከወደብ ወደብ ይዞራል። የዚህ ንግድ ትልቁ ድርሻ የተያዘው በሦስት ኩባንያዎች፣ በካርኒቫል፣ በሮያል ካሪቢያንና በኖርዌጂያን እጅ ነው። ተሳፋሪው ቀብዱን የሚከፍለው ከወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በፊት ነው። መርከቡ ሊነሣ ሦስት ወር ያህል ሲቀረው የቀረውን ዋጋ አጠቃሎ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ደንቡ እንደ ደረጃ እየተሰላ ይጠብቀዋል። ቀደም ብሎ የሰረዘ ቀብዱን ያጣል፤ ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ የሚያጣው ግማሹን፣ ቀጥሎም ሦስት አራተኛውን ይሆናል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሰረዘ ሙሉውን ያጣል። ሌሊቱን ትኩሳት ሲያሰቃየው ያደረ ሽማግሌ በማለዳ ወደ ወደቡ ለመሄድ ወይም ለመቅረት የሚወስነው ይህን ስሌት በአእምሮው ይዞ ነው። ኩባንያው በበኩሉ ጉዞውን በማናቸውም ጊዜ የመሰረዝ፣ የሚቆምባቸውን ወደቦች የመለወጥ መብት በውሉ አስፍሮአል። ሲሰርዝ የሚጠበቅበት የተቀበለውን መመለስ እንጂ እጥፍ መክፈል አይደለም። ያም ሆኖ የተቀበለውን እንኳ እንዴትና መቼ እንደመለሰ ወደኋላ እናየዋለን።

ምናልባት «የባለጸጎች ሽርሽር እኛን ምን ያገባናል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች ሊታወቁ ይገባል። አንደኛ፣ ከእነዚህ መርከቦች ተሳፋሪዎች መካከል ብዙዎቹ ከበርቴዎች ሳይሆኑ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ለአንድ ጉዞ ዓመታት ያጠራቀሙ አዛውንት ናቸው። በሽታው ይበልጥ የሚገድለውም እነርሱን ነበር። ሁለተኛና ዋናው ነገር፣ በሽታ ወደቡ ላይ አይቆምም። ከመርከቡ የወረደው ሰው ታክሲ ይሳፈራል፤ አውሮፕላን ይሳፈራል፤ ሆስፒታል ይገባል። የታክሲው ሾፌርና የሆስፒታሉ ነርስ የመርከቡን ውል አልፈረሙም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለችው መርከብ ጃንዋሪ 20 ቀን 2020 ከዮኮሐማ ተነሣች። ንብረትነቷ በካርኒቫል ሥር ያለ ኩባንያ ነው። ሆንግ ኮንግ ላይ የወረደ አንድ ተሳፋሪ በቫይረሱ መያዙ ከቀናት በኋላ ተረጋገጠ። መርከቧ ፌብሩዋሪ 3 ቀን ዮኮሐማ ተመልሳ ስትደርስ የጃፓን መንግሥት 3,711 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ከውስጧ እንዳይወጡ አገደ። ወረርሽኙ በመርከቧ ውስጥ እየተዛመተ ሄዶ 712 ሰዎች ተያዙ። በወቅቱ ከቻይና ውጭ በአንድ ቦታ ይህን ያህል በሽተኛ የተቆጠረበት ሌላ ስፍራ አልነበረም። በዚያው ወር ዌስተርዳም የተባለችው ሌላ የዚሁ ኩባንያ መርከብ በላይዋ በሽታው መኖሩ ሳይረጋገጥ የእስያ ወደቦች እየተፈራረቁ አንቀበልም ብለዋት በባሕር ላይ ስትንከራተት ሰነበተች። በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 13 ቀን ካምቦዲያ ወደቧን ከፈተችላት። ይህን ድርጊት የዓለም የጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የዓለም አቀፍ ትብብር ምሳሌ ነው ብለው አመስግነውት ነበር።

እንግዲህ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ በመርከብ ውስጥ የገባ ቫይረስ ምን እንደሚያደርግ ለመርከብ ባለቤት የተሰወረ ነገር አልነበረም። ማንም ሳይነግራቸው በራሳቸው መርከብ ላይ አይተውታል። ታዲያ የስረዛ ደንባቸውን ምን አደረጉት? ከቻይና የሚነሡትን ጉዞዎች ሰረዙ፤ ቻይናን ረግጦ የመጣ ሰው እንዳይሳፈር ከለከሉ። የዳይመንድ ፕሪንሰስ ተሳፋሪዎች ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጉዞው ሙሉ ዋጋ ተመልሶላቸዋል፤ የዓለም ካሜራ ሁሉ በዚያች መርከብ ላይ አነጣጥሮ ነበርና። ነገር ግን በፍሎሪዳ፣ በካሊፎርኒያ ወይም በሲድኒ ሆኖ ለማርች ቀን የተቆረጠለት ሰው በአብዛኛው ያው የቀድሞው ደረጃ ይጠብቀው ነበር።

ማሻሻያው የመጣው በማርች መጀመሪያ ላይ ነው። ሮያል ካሪቢያን «በልበ ሙሉነት ተጓዙ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥቶ ባወጣው ደንብ፣ ተሳፋሪው መርከቡ ሊነሣ 48 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ መሰረዝ እንዲችል ፈቀደ። ኖርዌጂያንም ተመሳሳዩን አደረገ። ላይ ላዩን ሲያዩት መልካም ነገር ነው፤ ከቀድሞው መሻሉንም አንክድም። ነገር ግን ለሰረዘው ሰው የሚሰጠው ገንዘቡ ሳይሆን ለወደፊት ጉዞ ብቻ የሚያገለግል የዱቤ ወረቀት ነበር። ባጭሩ ኩፖን እንበለው። ከዚህም ሌላ የደንቡን አሠራር አጥብቆ ለተመለከተ ሰው፣ ማሻሻያው ለፈራው ሰው መውጫ በር የመክፈቱን ያህል የሚያመነታውን ሰው በር ላይ ማቆያ ሆኖ አገልግሎአል። «ዛሬ አትሰርዝ፤ ገና ጊዜ አለህ» ይላልና። ገና ያልገዛውንም «ግዛ፤ ቢከፋ ትሰርዛለህ» ብሎ ይጋብዛል። ደንቡ ከበሽታው ጋር ሳይሆን ከገበያው ጋር እኩል መራመዱን የሚያሳየውም ይኸው ነው። ዳይመንድ ፕሪንሰስ ከታሰረች አንድ ወር አልፎአል፤ የተለወጠው ነገር መንገደኛው መፍራት መጀመሩ ብቻ ነበር። በዚሁ ወር የኖርዌጂያን ሽያጭ ሠራተኞች ቫይረሱ በሞቃት አየር መኖር አይችልም ብለው ለደንበኞች እንዲናገሩ ታዘው ነበር የሚል ወሬ በጋዜጣ ወጥቶ፣ የፍሎሪዳ ዋና ዐቃቤ ሕግ ምርመራ መክፈቱም አይዘነጋም።

ማርች 7 ቀን ዛንዳም የተባለችው መርከብ ከቦነስ አይረስ ተነሣች። በማግሥቱ፣ ማርች 8 ቀን፣ የአሜሪካ መንግሥት ዜጎቹ በመዝናኛ መርከብ እንዳይጓዙ መከረ። በዚያው ቀን ሩቢ ፕሪንሰስ ከሲድኒ መልሕቋን አነሣች። ከዚያ በፊት ባደረገችው ጉዞ የመተንፈሻ አካል ሕመም በመርከቧ ላይ ታይቶ ነበር። የተከተለውን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። ዛንዳም ወደብ አጥታ የፓናማን ቦይ አቋርጣ ኤፕሪል 2 ቀን ፍሎሪዳ ስትደርስ በውስጧ አራት ሰዎች ሞተው ነበር። ሩቢ ፕሪንሰስ ማርች 19 ቀን ሲድኒ ላይ ከ2,600 በላይ ተሳፋሪዎችን አራገፈች፤ ከእርሷ ጋር በተያያዘ 28 ሰዎች ሞቱ። ከእርሷ የወረዱ ሕሙማን በታዝማኒያ ደሴት ሆስፒታል ገብተው በዚያ በሠራተኞችና በበሽተኞች መካከል ሌላ ወረርሽኝ ተነሣ። የታክሲውን ሾፌርና የነርሷን ነገር ከላይ ያነሣነው በከንቱ አልነበረም።

በእርግጥ እነዚህን መርከቦች የሞሉት ሰዎች ሁሉ በስረዛ ደንቡ ተገደው ነው የተሳፈሩት ብለን አንናገርም። ብዙዎቹ አደጋውን አላወቁም፤ አንዳንዶቹም ንቀውት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአንድን ሰው የዓመታት ቁጠባ በአንድ በኩል፣ ገና ያልታየ በሽታን በሌላ በኩል አስቀምጦ «ምረጥ» የሚል ውል፣ ሰውየውን ወደ የትኛው ወገን እንደሚገፋው ለማወቅ ጠቢብ መሆን አያሻም። የታመመውም እንዲሁ ነው። ሳሉን የሚናገር ከመሳፈሪያው በር ይመለሳል፤ ገንዘቡን እንደሚያጣ ካሰበ ሳሉን ይደብቃል። የጤና ባለሥልጣናት «ሕመም የተሰማችሁ ከቤታችሁ አትውጡ» ብለው በሚለፍፉበት ሰዓት ውሉ «ካልወጣህ ትከፍላለህ» ይል ነበር። እነዚህ ሁለት ትእዛዞች በአንድ ሰው ላይ ሲጋጩ ያሸነፈው የትኛው እንደሆነ በየወደቡ ታይቶአል።

ማርች 13 ቀን የኩባንያዎቹ ማኅበር ከአሜሪካ ወደቦች የሚነሡ ጉዞዎች እንዲቆሙ በራሱ ፈቃድ አስታወቀ። በማግሥቱ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የባሕር ጉዞ እገዳ አወጣ፤ እገዳውም እየታደሰ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ዘለቀ። አሁን ሰራዡ ኩባንያው ሆነ። የሚዛኑ ሌላው ወገን የሚፈተንበት ሰዓት ደረሰ ማለት ነው።

ኩባንያዎቹ ለተሳፋሪው ሁለት ምርጫ አቀረቡለት። ወይ የከፈለውን 100 በመቶ በጥሬ ገንዘብ ይወስዳል፣ ወይ የከፈለውን 125 በመቶ በኩፖን ይቀበላል። ዝም ያለ ሰው በብዙ ቦታ ኩፖኑ ይመዘገብለት ነበር። ገንዘቤን ያለው ግን ማመልከቻ ይሞላል፤ ከዚያም ይጠብቃል። አንዳንዱ ኩባንያ እስከ 90 ቀን ጠብቁ አለ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከባንክ ካርድ ላይ ገንዘብ የሚቀንስ ድርጅት፣ ያንኑ ገንዘብ ለመመለስ ሦስት ወር እንዴት እንዳስፈለገው መጠየቅ ነበረበት። ይህም ሆኖ ከተሰረዙት ጉዞዎች ደንበኞች ግማሽ ያህሉ ጥሬ ገንዘብ መጠየቃቸውን ትላልቆቹ ኩባንያዎች ራሳቸው ለባለ አክሲዮኖቻቸው ገልጠዋል። ሰፊው ሕዝብ በስጦታ ስም የቀረበለትን 25 በመቶ ትቶ የራሱን መቶ መምረጡ ነገሩን በሚገባ መረዳቱን ያሳያል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን የኩባንያዎቹን መዝገብ እንመልከት፤ የጉዳዩ እምብርት ያለው ከዚህ ነውና። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 ካርኒቫል ከደንበኞች አስቀድሞ የተቀበለው ገንዘብ 4.7 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ በስሙ «የደንበኞች ተቀማጭ» ይባል እንጂ በባሕሪው ብድር ነው። ተሳፋሪው አበድሮአል፤ ኩባንያው ተበድሮአል፤ ገንዘቡም በተለየ ሣጥን ተቆልፎ የተቀመጠ ሳይሆን ለነዳጅ፣ ለደመወዝ፣ ለአዲስ መርከብ ግንባታ የሚውል ነው። ወለድ የለውም። መያዣም የለውም።

በኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይኸው ካርኒቫል ከፋይናንስ ገበያው 4 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረ። የእነዚህ አበዳሪዎች ሁኔታ ግን ሌላ ነበር። በዓመት 11.5 በመቶ ወለድ ተቆረጠላቸው፤ የኩባንያው መርከቦችም በመያዣነት ተሰጡአቸው። ሮያል ካሪቢያንም በሜይ ወር ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ በ10.875 እና በ11.5 በመቶ ወለድ ንብረቱን አስይዞ ተበደረ። በአንድ የጸደይ ወቅት፣ ለአንድ ዓይነት አደጋ፣ ለአንድ ኩባንያ ካበደሩት ሁለት ወገኖች አንዱ ወለድና መርከብ ሲያገኝ ሌላው ማመልከቻና 90 ቀን አገኘ። ልዩነቱ ከየት መጣ ቢባል መልሱ ቀላል ነው። ቦንድ ገዥው ከመስጠቱ በፊት ተደራደረ፤ ተሳፋሪው ከሰጠ በኋላ ተነገረው።

«ኩፖኑ እኮ 25 በመቶ ጭማሪ ነበረው፤ ከ11.5 በመቶ አይበልጥምን?» የሚል ክርክር ይነሣል። ቁጥሩን ብቻ ለሚያይ እውነት ይመስላል። ነገር ግን የቦንዱ ወለድ ዶላር ነው፤ ዳቦም መድኃኒትም ይገዛበታል። የኩፖኑ 25 በመቶ የሚመነዘረው በሰጪው መደብር ብቻ፣ ሰጪው በሚተምነው ዋጋ፣ ሰጪው በወሰነው ቀን ገደብ ውስጥ ነው። ነገ የጉዞው ዋጋ በሩብ ቢጨምር ጭማሪው ወደ ሰጪው ኪስ ይመለሳል። በ2020 ሥራውን ያጣ ሰው ደግሞ የቤት ኪራዩን በመርከብ ኩፖን ሊከፍል አይችልም።

ሌላው ክርክር ክብደት አለውና በጥሞና ልናየው ይገባል። ኩባንያዎቹ አንድም ሳንቲም በማይገባበት ወቅት ሁሉንም ተቀማጭ በአንድ ጊዜ ቢመልሱ ኖሮ ይወድቁ ነበር፤ ቢወድቁ ደግሞ ማንም ምንም አያገኝም ነበር ይባላል። ካርኒቫል በ2020 ዓመት 10.2 ቢሊዮን ዶላር መክሠሩ የታወቀ ነው። አደጋው እውነተኛ ነበር። ሆኖም ክርክሩ የሚያረጋግጠው የእኛን አባባል ነው። ኩባንያው በሕይወት የቆየው በተሳፋሪዎች ገንዘብ ጭምር ከሆነ፣ ተሳፋሪዎቹ አዳኝ አበዳሪዎች ነበሩ ማለት ነው፤ እንደ አበዳሪ ሊቆጠሩም ይገባ ነበር። ድርጅቱን ለማዳን የሚውል መሥዋዕትነት ከጡረተኛው ሲወሰድ «ትዕግሥት»፣ ከባንክ ሲወሰድ «ኢንቨስትመንት» የሚባልበት ምክንያት አይታየንም።

ኩባንያው ያልዳነ እንደሆነስ? ይህም ደርሶአል። ፑልማንቱር የተባለው የስፔን ኩባንያ በጁን 2020፣ ክሩዝ ኤንድ ማሪታይም ቮዬጅስ የተባለው የብሪታንያ ኩባንያ በጁላይ ወደቁ። ክሪስታል ክሩዝስ ደግሞ ከዚያ በኋላ ጥቂት ተጉዞ፣ እናት ኩባንያው ጄንቲንግ ሆንግ ኮንግ በጃንዋሪ 2022 ሲወድቅ አብሮት ሰመጠ። ያን ጊዜ ክሪስታል ሲምፎኒ ተሳፋሪዎቿን ይዛ ወደ ሚያሚ እየመጣች ነበር። ባልተከፈለ የነዳጅ ዕዳ ምክንያት የአሜሪካ ፍርድ ቤት መርከቧ እንድትያዝ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ፊቷን አዙራ በባሃማስ ወደምትገኘው ቢሚኒ ደሴት ሄደች። ተሳፋሪዎቹ ከዚያ በጀልባ ወደ ፍሎሪዳ ተወሰዱ። እዚህ ላይ የአበዳሪዎችን ተራ ማየት ይቻላል። ነዳጅ ሻጩ መርከቧን ማስያዝ የሚችል መብት ነበረው። ቀብድ የከፈለው፣ ኩፖን በኪሱ የያዘው ደንበኛ ግን ከባለ ዕዳ ጠያቂዎች ሰልፍ ጫፍ ላይ ቆሞ ቀረ።

መንግሥታት ይህን ሳያስቡት የቀሩ አይደሉም። አሜሪካ በ1966 ባወጣችው ሕግ፣ ከወደቦቿ ተሳፋሪ የሚጭን ኩባንያ ጉዞው ቢቀር ገንዘብ መመለስ እንዲችል ዋስትና ማስያዝ አለበት። ነገር ግን የዋስትናው ጣሪያ በወረርሽኙ ዘመን ለአንድ ኩባንያ 32 ሚሊዮን ዶላር ነበር። 32 ሚሊዮኑን ከ4.7 ቢሊዮኑ አጠገብ ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የአገሪቱ የፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን ጉዳዩን ሲያጣራ ቆይቶ በ2022 ባወጣው ደንብ፣ ኩባንያው ጉዞ ሲሰርዝ ወይም ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሲያዘገይ ተሳፋሪው ሙሉ ገንዘቡን የማግኘት መብት እንዳለው ግልጽ አደረገ። ዘግይቶም ቢሆን መልካም ነው።

በአውሮፓ ሕጉ ቀድሞውንም የጠነከረ ነበር። የ2015ቱ የጥቅል ጉዞ መመሪያ አዘጋጁ ጉዞውን ሲሰርዝ በ14 ቀን ውስጥ ገንዘቡን እንዲመልስ ያዛል። ወረርሽኙ ሲመጣ ግን አንዳንድ አገሮች ራሳቸው ጣልቃ ገብተው ኩባንያዎች በገንዘብ ፋንታ ኩፖን እንዲሰጡ ፈቀዱ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጁን 2023 በሰጠው ፍርድ፣ መመለስ ማለት ገንዘብ መመለስ ነው፤ መንግሥታትም ይህን ግዴታ የማንሣት ሥልጣን የላቸውም አለ። ፍርዱ ትክክል ነው። ሦስት ዓመት መፍጀቱ ግን ለ70 ዓመት አዛውንት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ ጋር የባንዲራው ነገር መነሣት አለበት። ካርኒቫል ዋና መሥሪያ ቤቱ በፍሎሪዳ ሆኖ የተቋቋመው በፓናማ ሕግ ነው። ሮያል ካሪቢያን የላይቤሪያ፣ ኖርዌጂያን የቤርሙዳ ኩባንያ ነው። መርከቦቻቸው አብዛኞቹ የባሃማስ፣ የፓናማና የቤርሙዳ ሰንደቅ ዓላማ ያውለበልባሉ። ግብሩና የሠራተኛ ሕጉ ቀላል የሆነበት አገር ይመረጣል ማለት ነው። በማርች 2020 የአሜሪካ ምክር ቤት የድጎማ ሕግ ሲያወጣ፣ የትልልቅ ድርጅቶች ርዳታ በአሜሪካ ለተቋቋሙ ብቻ በመወሰኑ ኩባንያዎቹ ከማዕዱ ቀሩ። በዚህ የሚፈርድባቸው አይጠፋም። ይሁንና ከመንግሥት ካዝና ያጡትን ከተሳፋሪው ተቀማጭ መሸፈናቸውን ስናይ፣ ቅጣቱ መጨረሻ ላይ በማን ላይ እንዳረፈ እንረዳለን።

ተሳፋሪው ልክሰስ ቢልስ? ከቲኬቱ ጋር ተጣብቆ የሚመጣው ረጅም ጽሑፍ ክሱ የት አገር፣ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ አስቀድሞ ወስኖአል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 ይህን የመሰለውን አንቀጽ አጽድቆታል። ከሌሎች ጋር ተባብሮ በቡድን መክሰስንም የሚከለክል አንቀጽ አለ። ለአንድ ሰው ጥቂት ሺሕ ዶላር የሚያጨቃጭቅ ጉዳይ ብቻውን ጠበቃ አይገዛም፤ ስለዚህ መተባበርን መከልከል ክሱን መከልከል ነው። በአውስትራሊያ ግን ይህ መጋረጃ ተቀደደ። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2023 የሩቢ ፕሪንሰስን ጉዞ በሚመለከት ካርኒቫል ቸልተኛ ነበር ሲል ፈረደ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ በዲሴምበር የቡድን ክስን የሚከለክለው አንቀጽ ኢፍትሐዊ ስለሆነ አይጸናም አለ። ከዚህ ፍርድ በኋላ በአሜሪካ ውል የተሳፈሩ ብዙ መቶ ሰዎች ከሌሎቹ ጋር ሊቆሙ ቻሉ።

ስለ ስረዛ ስናወራ የተሰረዘ ሌላ ውል እንዳለም መዘንጋት የለብንም። ተሳፋሪው ወርዶ ቤቱ ከገባ በኋላ በመርከቦቹ ላይ የቀሩት የፊሊፒንስ፣ የኢንዶኔዥያ፣ የሕንድና የሌሎች አገሮች ወዛደሮች ነበሩ። በኤፕሪል 2020 በአሜሪካ ባሕር ዳርቻዎች አካባቢ ብቻ 100 ያህል መርከቦች ወደ 80,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን ይዘው ቆመው ነበር። የብዙዎቹ የሥራ ውል አለቀ፤ ደመወዛቸውም አብሮ ቆመ። የሚሄዱበት አውሮፕላን ተከለከለ፤ ወደቡም ተዘጋ። ለእነርሱ 125 በመቶ ኩፖን ያቀረበላቸው የለም። የአልጋ አንጣፊውና የወጥ ቤቱ ሠራተኛ ለወራት ያለ ሥራና ያለ ደመወዝ በባሕር ላይ ሲቀመጡ፣ ኩባንያው «ከአቅም በላይ ምክንያት» የሚለውን አንቀጽ ጠቅሶ ነፃ ወጣ። ከአቅም በላይ የሆነው ምክንያት ለሁሉም ከአቅም በላይ ነበር። የቻለው እንዲሸከም ግን የተደረገው አቅም የሌለው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ነበር? ወደፊትስ? መንገዱ ስውር አይደለም። የተሳፋሪው ገንዘብ መርከቡ እስኪነሣ ድረስ ኩባንያው በማይነካው የተለየ ሒሳብ ሊቀመጥ ይችላል፤ ይህ ካልሆነ ዋስትናው ከሚሰበሰበው ገንዘብ ጋር ተመጣጣኝ ይሁን። ኩባንያው ሲሰርዝ ጥሬ ገንዘብ ደንቡ፣ ኩፖን ደግሞ በግልጽ ለመረጠው ብቻ ይሁን። በሕክምና የተመሰከረ ተላላፊ ሕመም ያለበት፣ ወይም የጤና ባለሥልጣን አትጓዝ ያለው ሰው ሲቀር ገንዘቡ ይመለስለት። ይህ የመጨረሻው ለኩባንያው እንኳ ኪሣራ አይደለም፤ አንድ በሽተኛ በርካሽ ዋጋ ከመርከቡ ላይ ማስቀረት ነው። «ኢንሹራንስ ይግባ» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። ወረርሽኙ የታወቀ ነገር ሆኖአል በማለት ከጃንዋሪ 2020 መጨረሻ በኋላ የተገዛን መድን ያልከፈሉ መድን ድርጅቶች ብዙ ነበሩ፤ በሽታን ፈርቶ መቅረትንም ተራው የጉዞ መድን አይሸፍንም። በማናቸውም ምክንያት መሰረዝን የሚፈቅደው ውድ መድን ቢሆን እንኳ በአብዛኛው የሚከፍለው ከዋጋው ግማሹን ወይም ሦስት አራተኛውን ነው።

ከእነዚህ ሐሳቦች በከፊል በሕግ የሰፈረው የመጀመሪያው ወገን፣ ኩባንያው ሲሰርዝ ያለው ነው። የ2022ቱ የአሜሪካ ደንብ ተሳፋሪው ራሱ ሲቀር ስለሚሆነው ነገር አይናገርም። በወረርሽኙ ጊዜ የወጣው የ48 ሰዓት ማሻሻያም ፍርሃቱ ሲረግብ ተነሥቶአል። የቀድሞው ደረጃ ወደ ቦታው ተመልሶአል፤ ቀብዱ፣ ግማሹ፣ ሦስት አራተኛው፣ ሙሉው። መርከቦቹም ሞልተው ይጓዛሉ። ዛሬ ማታ በአንድ ወደብ አጠገብ፣ ሻንጣውን ዘግቶ ቲኬቱን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ አንድ ጡረተኛ ትኩሳት ቢሰማው፣ የሚያነበው ውል አሁንም ያው ነው።